ባዶ የሚያድር አልጋ፦ ብላክፑልና ቤኒዶርም ለምን ተለያዩ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሰሜን እንግሊዝ ነው። ባለፈው በጋ ልጆቼን ይዤ ብላክፑል ሄድኩ። ባሕሩ ዳር ያለው ያምራል፤ ማማው፣ መብራቱ፣ ሕዝቡ። አንድ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ስንገባ ግን የተዘጋ ሆቴል፣ የተሰበረ መስኮት፣ ችግር ያጎሳቆለው ሰው ነው የምናየው። በኅዳር ደግሞ ስፔን ቤኒዶርም ሄድን። ከተማው ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነው፤ ሆቴሉ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁለቱም የቆዩ ናቸው። ሁለቱም የኖሩት በእንግሊዝ ሠራተኛ ገንዘብ ነው። ልዩነቱ ፀሐይ ብቻ ነው? ጓደኞቼ ደግሞ ‹ብላክፑል ውስጥ አሮጌ ጌስት ሃውስ በርካሽ ገዝተን እናከራይ› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

ፀሐይዋ ድርሻ አላት። ግን ፀሐይ ብቻ ብትሆን ኖሮ ቤኒዶርም በኅዳር ጭር ባለች ነበር። በኅዳር እዚያም ቢሆን ባሕሩ ይቀዘቅዛል፤ የሚዋኘው ሰው ጥቂት ነው። እርስዎ ያዩት ሙሉ ሆቴል ሰው አስቦበት፣ ገንዘብ ተመድቦለት የሞላ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምጽፍ ልብ ይበሉልኝ።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። የቆየ የባሕር ዳርቻ ከተማ ኢኮኖሚ ሲለወጥበት ዕጣውን የሚወስነው አልጋው ነው። ባሕሩ የትም አይሄድም። መዝናኛውም ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። አልጋው ግን ለጥቂት የበጋ ወራት ተብሎ በብዙ ሺህ የተሠራ ነው፤ እንግዳው ሲቀር ከነግድግዳው እዚያው ይቀራል። ፋብሪካ ሲዘጋ ማሽኑ ተነቅሎ ይሸጣል። የሆቴል ክፍል አይነቀልም። የሆነ ሰው ይተኛበታል። ማን እንደሚተኛበት ከተማው አስቀድሞ ካላሰበ፣ ገበያው በራሱ መንገድ ያስብለታል።

ከብላክፑል ልጀምር። ከተማዋን ያቆሟት ባቡርና ጥጥ ናቸው። ባቡሩ በ1846 ገባ። ከጀርባዋ ያሉት የላንካሸር ከተሞች፣ እነ ኦልድሃም፣ ቦልተን፣ በርንሊና ብላክበርን፣ በጥጥ ፈትልና ሽመና የሚተዳደሩ ነበሩ። እያንዳንዱ ከተማ በዓመት አንድ ሳምንት ፋብሪካውን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ያ ሳምንት «ዌክስ ዊክ» ይባል ነበር። ማሽኑ ይጠገናል፣ ሠራተኛው ያርፋል። ከተሞቹ ግን የሚዘጉት በአንድ ጊዜ አልነበረም። አንዱ በሰኔ ከዘጋ ሌላው በሐምሌ፣ ሌላው በነሐሴ መጨረሻ ይዘጋል። ስለዚህ ብላክፑል በጋውን ሙሉ ተራ የገባ እንግዳ ነበራት። በዚህ ሳምንት ኦልድሃም ከነጎረቤቱ ይመጣል፤ እሱ ሲወጣ ቦልተን ይተካል። ደመወዝ ስለሚከፈልበት ዕረፍት ሕግ የወጣው በ1938 ነው። ከዚያ በፊት ሠራተኛው ለዚያች አንድ ሳምንት ሲል ዓመቱን ሙሉ በቁጠባ ማኅበር ሳንቲም ሲያጠራቅም ይከርማል።

ይህን ሁሉ ሕዝብ ያሳደሩት በአብዛኛው ፔንሲዮኖች ናቸው። ጠባብ፣ ሦስትና አራት ፎቅ ያላቸው፣ ጎን ለጎን የተጣበቁ ቤቶች። ቤቱን የሚያስተዳድሩት በብዛት ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ከፋብሪካ ከተሞች የመጡ ናቸው። በድሮው ወግ እንግዳው ሥጋውንና ድንቹን ራሱ ገዝቶ ያመጣል። ባለቤቲቱ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱን ታበስላለች። በአንድ ማድቤት የአራትና የአምስት ቤተሰብ ምሳ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይቀላቀል። ቁርስ ከተበላ በኋላ እንግዳው ይወጣል፤ ቢዘንብም ውጭ ነው የሚውለው። ጣሪያ ያለው መዝናኛ በከተማዋ የበዛው አንድም ለዚህ ነው። የዳንስ አዳራሹ፣ ሰርከሱ፣ 158 ሜትር ርዝመት ያለው ማማ ሁሉ የተሠሩት ዝናብ ታሳቢ ተደርጎ ነው። ማማው የኤፍልን ግንብ አርአያ አድርጎ በ1894 ተከፈተ።

እዚህ ላይ ለብላክፑል ክብር የሚገባትን ልስጣት። ከተማዋ ሰነፍ አልነበረችም። በ1879 የባሕሩን ዳር መንገድ በኤሌክትሪክ አበራች፤ ያኔ ብዙው ዓለም ኤሌክትሪክ ምን እንደሆነም አያውቅም። በ1885 የኤሌክትሪክ ትራም ዘረጋች። ኋላ ኪሎ ሜትሮችን የሸፈነውን የመጸው የመብራት ትርኢት ደግሞ በ1912 ጀመረች። ልብ ይበሉ፤ በመስከረምና በጥቅምት እንግዳ አይኖርም፣ ጨለማውም ቶሎ ይመጣል። ብላክፑል ያንን ጨለማ ራሱን ሸጠችው። ፔንሲዮኖቹ ሁለት ወር ያህል ተጨማሪ ገቢ አገኙ። ከ2020 ወዲህ መብራቱ እስከ ጥር መጀመሪያ ይቆያል። በዚህ ሙያ የማውቀው ምርጥ የወቅት ማራዘሚያ ይህ ነው።

ታዲያ ምን ነካት? ብዙ ሰው «እንግሊዞች ወደ ስፔን በረሩ» ብሎ ያበቃል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። በ1950 የመጀመሪያው የፓኬጅ ጉዞ፣ ማለትም በረራና ማረፊያ በአንድ ዋጋ የሚሸጥበት፣ በኪራይ (ቻርተር) አውሮፕላን ወደ ኮርሲካ ደሴት በረረ። በ60ዎቹና በ70ዎቹ አውሮፕላኑ በዛ፣ ዋጋው ወረደ። ሁለተኛው ግማሽ ከብላክፑል ጀርባ ባሉት ከተሞች የሆነው ነው። የጥጥ ፋብሪካዎቹ በተከታታይ ተዘጉ። ፋብሪካው ሲዘጋ ዌክስ ዊክም አብሮ ጠፋ። ሥራ ያላጣው ወደ ስፔን ሄደ፤ ሥራ ያጣው የትም መሄድ አቃተው። ከተማዋ ሁለቱንም በአንድ ትውልድ ዕድሜ አጣች። ተራ ገብቶ ይመጣ የነበረው እንግዳም ቀረ። አሁን የሚመጣው በመኪና ጠዋት ደርሶ ማታ የሚመለስ ነው። ጎብኚው ዛሬም በሚሊዮን ይቆጠራል፤ እርስዎ ባሕሩ ዳር ያዩት ሕዝብ እውነተኛ ነው። ግን አይስክሬም ገዝቶ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው አልጋ አይሞላም።

እርስዎ አንድ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ገብተው ያዩት እንዴት እንደተፈጠረ ደግሞ ላሳይዎ። ባለቤቲቱ አርጅታለች። ቤቱ አሥር ክፍል አለው፤ መታጠቢያው የጋራ ነው። ከስፔን የተመለሰ እንግዳ ግን ክፍሉ ውስጥ ሻወር ይፈልጋል። በጠባብ ቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ክፍል ሻወር ለማስገባት ሦስት አራት ክፍል መሥዋዕት ማድረግ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ባንክ ለሚሞት ገበያ አያበድርም። ቤቱ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው። አዲሱ ባለቤት ሒሳቡን ይሠራል። ከእንግዳ የሚገኘው ለጥቂት ወራት ነው፣ ያውም ከተገኘ። ክፍሎቹን ለየብቻ ለደሃ ተከራይ ቢያከራይ ግን መንግሥት በቤኔፊት፣ ማለትም ለችግረኛ በሚሰጠው ድጎማ፣ ዓመቱን ሙሉ ይከፍላል። ቁርስ መሥራት የለ፣ አንሶላ ማጠብ የለ። እሱም ያከራያል። ጎረቤቱም አይቶ ያከራያል።

ከዚያ ማን መጣ? ከማንቸስተር፣ ከሊቨርፑል፣ ከግላስጎው ኑሮ የከበደው ሰው መጣ። ብዙው በልጅነቱ ብላክፑልን በደስታ የሚያስታውስ ነው። ርካሽ ክፍል አለ፤ ሥራው ግን የበጋ ብቻ ነው። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ልጆች በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ። ሐኪሙ የታካሚውን ታሪክ ሳያውቅ ታካሚው ሰፈር ይለቃል። በ2019 በወጣው የእንግሊዝ የድህነት መለኪያ፣ ከመላው አገሪቱ እጅግ ከተጎዱት አሥር ትንንሽ ሰፈሮች ስምንቱ ብላክፑል ውስጥ ነበሩ። ከእነዚያ ሰፈሮች ብዙዎቹ ከማማው በእግር የሚደረስባቸው፣ የድሮ ፔንሲዮኖች የተደረደሩባቸው መንገዶች ናቸው።

ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነም። እያንዳንዱ ባለቤት ለራሱ የሚያዋጣውን አደረገ። ከተማዋ ግን ተጎዳች። የማዝነው በዚህ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሁሉም እያየው፣ የሚያስቆመው ሥልጣንም ገንዘብም በአንድ እጅ አልነበረም።

የከተማዋ ምክር ቤት፣ ካውንስሉ፣ መጀመሪያ አንድ ትልቅ መድኃኒት ፈለገ። በ2000ዎቹ አጋማሽ በአገሪቱ አንድ ግዙፍ ካሲኖ ይፈቀዳል ተባለና ብላክፑል ተስፋዋን ሁሉ በዚያ ላይ ጣለች። በጥር 2007 መንግሥትን የሚያማክረው ጉባኤ ለማንቸስተር ይሰጥ አለ። በመጋቢት የፓርላማው የላይኛው ክፍል፣ የጌቶች ምክር ቤት፣ ዕቅዱን ጣለው፤ ኋላም መንግሥት ራሱ ተወው። ያኔ ብዙዎች ተናደዱ። እኔ ግን ብላክፑል በዚህ ተረፈች እላለሁ። የአሜሪካዋን አትላንቲክ ሲቲን ይመልከቱ። ሕዝቡ በ1976 ድምፅ ሰጥቶ ካሲኖ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው በ1978 ተከፈተ። ያኔ በአሜሪካ ከኔቫዳ ስቴት ውጭ ሕጋዊ ካሲኖ ያለው ከተማ እሱ ብቻ ነበር። ኋላ ፔንሲልቬንያን ጨምሮ ጎረቤት ስቴቶች የየራሳቸውን ከፈቱ። በ2014 በአንድ ዓመት ብቻ ከአሥራ ሁለቱ ካሲኖዎች አራቱ ተዘጉ። ከእነሱ አንዱ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት ሁለት ዓመት ብቻ የሠራ ነው። ሁሉም ሊሠራው የሚችለውን ነገር ብቸኛ ሀብቴ ነው ብሎ መያዝ ያለው አደጋ ይኸው ነው።

ብላክፑል ከዚያ በኋላ ያደረገችው ለእኔ ይበልጥ ያመዝናል። በ2010 ካውንስሉ ማማውንና ዊንተር ጋርደንስ የሚባለውን አሮጌ የአዳራሾች ሕንፃ ገዛ። የባሕሩን መከላከያ ግድግዳና ትራሙን አደሰ። በ2022 አዲስ የስብሰባ ማዕከል ተከፈተ፤ በአንድ ወቅት የእንግሊዝ ትልልቅ ፓርቲዎች ጉባኤያቸውን እዚያ ያደርጉ ነበርና ያንን ገበያ መመለስ ነው የተፈለገው። ከሁሉ በላይ ግን በ2015 ካውንስሉ የራሱን የቤቶች ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው የተጎሳቆሉትን ፔንሲዮኖች እየገዛ፣ የውስጥ ግድግዳቸውን እያፈረሰ፣ ለቤተሰብ የሚሆን ደህና ቤት ያደርጋቸዋል። ይህን ማንም ፎቶ አያነሣውም። ግን በሽታውን ራሱን፣ አልጋውን የነካ ሥራ ይህ ነው። በሠላሳ ዓመት ዘግይቶ መጣ እንጂ።

አሁን ወደ ቤኒዶርም።

ቤኒዶርም እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ወንዶቿ በቱና አጥማጅነታቸው የታወቁ ነበሩ። በ1950 ፔድሮ ሳራጎሳ የሚባል ወጣት ከንቲባ ሆነ። ስለ እሱ ብዙ የሚተረከው ቢኪኒ መፍቀዱና ለዚሁ ጉዳይ የአገሪቱን አምባገነን ፍራንኮን ሊያነጋግር በሞተር ሳይክል ማድሪድ መሄዱ ነው። እኔ የማነሣው ሌላውን ነው፦ የ1956ቱን ማስተር ፕላን። ሆቴል ገና በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ ሰፋፊ መንገድ ወጥኖ፣ የት እንደሚሠራ የት እንደማይሠራ ለየ። በ60ዎቹ የፎቅ ገደቡ ሲነሣ ከተማዋ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ አደገች። በሕንፃውና በሕንፃው መካከል ባዶ ቦታ እንዲተው ተደረገ። እርስዎ «ሲሚንቶ በሲሚንቶ» ያሉት ትክክል ነው፤ ለዓይን ላይማርክ ይችላል። ግን ብዙ ሕዝብ በትንሽ መሬት ላይ ስለሚኖር ሰው ሁሉ በእግሩ ባሕር ይደርሳል። አውቶቡሱም፣ የውሃ ቱቦውም፣ የቆሻሻ መኪናውም አጭር መንገድ ነው የሚሄደው።

ዋናው ልዩነት ግን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤኒዶርም በብዛት የሠራችው ሆቴል ነው። በሌላው የስፔን ዳርቻ የተሠራው አብዛኛው አፓርታማ ነው፤ ተሸጦ፣ በዓመት ሦስት ሳምንት ተኖሮበት፣ የቀረውን ጊዜ ይዘጋል። ሆቴል መዝጋት ግን ያስከፍላል። ብድሩ አይዘጋም፣ አሳንሰሩ ሳይሠራ ቢቀመጥ ይበላሻል፣ ጎበዙ ወጥ ሠሪ ሌላ ቦታ ይቀጠራል። ስለዚህ ባለሆቴሎቹ «በየካቲት ማን ይተኛ?» የሚለውን ጥያቄ ቀድመው ለመጠየቅ ተገደዱ።

መልሱ ጡረተኛ ሆነ። በ1985 የስፔን መንግሥት ዛሬ ኢምሰርሶ በሚባለው መሥሪያ ቤቱ በኩል አንድ ፕሮግራም ጀመረ። የአገሪቱ ጡረተኞች ከወቅቱ ውጭ፣ በድጎማ፣ በርካሽ ወደ ባሕር ዳርቻ እንዲሄዱ። የመንግሥት ሒሳብ ቀላል ነው። ሆቴሉ በክረምት ከተዘጋ ሠራተኛው የሥራ አጥ ክፍያ ይጠይቃል፣ ግብርም ይቀንሳል። ያንኑ ገንዘብ ለጡረተኛው ጉዞ ቢያውለው ሆቴሉ ይከፈታል፣ ሠራተኛው ደመወዝ ያገኛል፣ አረጋዊውም ባሕር ያያል። ከዚያ ላይ ከእንግሊዝ ብርድና ጭጋግ የሸሹ ጡረተኞች ይጨመራሉ፤ አንዳንዶቹ ለሳምንታት ይቀመጣሉ። በኅዳር ያዩት ሙሉ ሆቴል ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ ሎቢው ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት፣ ማታ ዳንስ የሚወጡት እነሱ ናቸው።

የሚገርመው ከብላክፑሉ ጋር ሲነጻጸር ነው። በሁለቱም ቦታ ባዶውን አልጋ የሞላው የመንግሥት ገንዘብ ነው። አንዱ ጋ ገንዘቡ በቤኔፊት መልክ መጥቶ ክፍሉን ለዘለቄታው ከሆቴልነት አወጣው። ሌላው ጋ በጉዞ ድጎማ መልክ መጥቶ ክፍሉን በሆቴልነቱ አቆየው። ሁለቱም ለደካማ ሰው የሚከፈል የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ያመጣው ውጤት ግን የሰማይና የምድር ያህል ራቀ።

ቤኒዶርምን ገነት አድርጌ እንዳልስልብዎት ደግሞ። ባለሆቴሎቹ የኢምሰርሶ ክፍያ ወጪያችንን አይሸፍንም እያሉ በየጊዜው ያማርራሉ። እውነታቸውን ነው፤ በርካሽ የለመደ ገበያ ዋጋ ሲጨምሩበት ይኮርፋል። በ2000 ከከተማዋ ዳር የተከፈተው ቴራ ሚቲካ የሚባለው ግዙፍ የመዝናኛ መናፈሻ በአራት ዓመቱ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ደረሰ። ከ2008ቱ ቀውስ በፊት የተጀመረ መንታ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ተገትሮ ከርሞ የተከፈተው በ2021 ነው። በአንድ አገር እንግዳ ላይ መደገፍም ያስፈራል። በመስከረም 2019 ቶማስ ኩክ የሚባለው የእንግሊዝ የጉዞ ኩባንያ ሲወድቅ የስፔን ባለሆቴሎች ያልተከፈለ ደረሰኝ ታቅፈው ቀሩ።

ውሃው ግን ሊነገርለት ይገባል። አካባቢው ደረቅ ነው። በ1978 ድርቅ በርትቶ ለከተማዋ ውሃ በመርከብ እስከ ማምጣት ተደረሰ። በዋዜማው፣ በ1977፣ ቤኒዶርምና ጎረቤት ከተሞች የውሃ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ማኅበሩ ከገበሬዎች ጋር አንድ ስምምነት ፈጠረ። ገበሬው የግድብ ውሃውን ለከተማው ይለቃል፤ ከተማው በምትኩ ፍሳሹን አጣርቶ ለመስኖ ይሰጠዋል። ቱሪስቱ የታጠበበት ውሃ ተጣርቶ ፍራፍሬ ያጠጣል ማለት ነው። በብዙ የቱሪስት አገር ሆቴልና ገበሬ በውሃ ይጣላሉ። እዚህ ተስማምተው ኖረዋል። ለአርባ ዓመት የዘለቀ እንዲህ ያለ ስምምነት ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ሆቴል ያቆማል።

ሌላ መንገድ የሄዱም አሉ፤ በአጭሩ ልንካቸው። በስፔኗ ደሴት በማዮርካ ላይ ካልቪያ የሚባል ወረዳ አለ፤ ማጋሉፍ የሚባለው የታወቀ የመዝናኛ ሰፈር እዚያ ውስጥ ነው። በ1990 አካባቢ ገበያው ሲወርድበት ካልቪያ ደፋር ነገር አደረገ፦ ሆቴል ገዝቶ አፈረሰ። ያረጁ ሆቴሎች ተንደው ቦታው ክፍት ሜዳና የእግረኛ መንገድ ሆነ። የማዮርካና የጎረቤት ደሴቶቿ ሕግም ጠበቀ፤ አዲስ አልጋ የፈለገ አሮጌ አልጋ ከገበያ እንዲያወጣ ተደረገ። ብላክፑል በ1980 እንዲህ ያለ አቅምና ሕግ ኖሯት ቢሆን ብዬ ሳስብ ይቆጨኛል።

የጣሊያኗ ሪሚኒ ደግሞ ከ1843 ጀምሮ የባሕር መታጠቢያ ከተማ ናት። በ1989 የአድሪያቲክ ባሕር በአልጌ ዝቃጭ ተሸፈነና እንግዳው በአንድ በጋ ሸሸ። ሪሚኒ ሁለት ነገር ሠራች። አንደኛ፣ አውደ ርዕይ አበዛች። በጥር፣ ባሕሩ ዳር ነፋስ ብቻ ሲሆን፣ የአይስክሬም፣ የኬክና የቡና ነጋዴዎች ከዓለም ዙሪያ ለአውደ ርዕይ ይመጣሉ፤ ሆቴሎቹ ይሞላሉ። ሁለተኛ፣ ከ2013 ጀምሮ ወደ ባሕሩ የሚፈሱትን የፍሳሽ መውጫዎች ለመዝጋት ከባድ ሥራ ጀመረች። ከመሬት በታች ግዙፍ ማጠራቀሚያ ተቆፈረ፤ በላዩ አደባባይ ተሠራ። ቱሪስት የማያየው ቱቦ ላይ ያን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ ለከንቲባ ቀላል አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥ ማርጌትም አለች። በ2009 ፈጣን ባቡር ከለንደን ደረሰላት፤ በ2011 በሠዓሊው ተርነር ስም የጥበብ ማዕከል ተከፈተ። ሠዓሊዎችና ወጣት ነጋዴዎች መጡ፣ የባሕሩ ዳር ነፍስ ዘራ። የቤት ዋጋውም አብሮ ወጣና የቆየው ነዋሪ መክፈል ከበደው። ብላክፑል ይህን ልቅዳ ብትል ለንደን ሩቅ ናት።

ይህ ወደ አዲሱ ፈተና ያመጣኛል። በብላክፑል የእንግዳ አልጋ መኖሪያ ቤት ሆነ አልን። ዛሬ በማዮርካ፣ በካናሪ ደሴቶችና በኢቢዛ ነገሩ ተገልብጧል፤ መኖሪያ ቤት የእንግዳ አልጋ እየሆነ ነው። ባለቤቱ ለነዋሪ ከሚያከራየው በኢንተርኔት ለቱሪስት በቀን ቢያከራይ ይበልጥ ያገኛል። ኢቢዛ ላይ የሆቴል ሠራተኞች መኪና ውስጥ ሲያድሩ ታይቷል። በሚያዝያ 2024 በካናሪ ደሴቶች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፤ በበጋው ማዮርካም ተከተለች። የሰልፈኞቹን ቁጣ «ቱሪስት ጠሉ» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። አልጋ አንጣፊዋ ቤት ካጣች አልጋው ይነጠፋል? ቤኒዶርም በሆቴል ላይ ስለቆመች ይህ ግፊት ከሌሎቹ ይልቅ ይቀልላት ይሆናል፤ ግን እሷም አላመለጠችም።

ወደ ጓደኞችዎ ሐሳብ ልምጣ። ቤቱ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት አሁን አውቀዋል። «ክፍል ከፋፍለን ለቤኔፊት ተከራይ እናከራይ» ከሆነ ዕቅዱ፣ ይተዉት እላለሁ። ካውንስሉ የሚታገለው ያንኑ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ሰው፣ ከአንድ በላይ ቤተሰብ ሆኖ የሚኖርበት ቤት በእንግሊዝ ሕግ የኤችኤምኦ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከሆቴልነት ወደ መኖሪያ ለመቀየር ደግሞ የፕላን ፈቃድ ይጠየቃል፤ ለእንግዳ ማረፊያ በተከለሉ መንገዶች ላይ ደግሞ ማግኘቱ ከባድ ነው። ገዝተው ሳይፈቀድልዎ ቢቀር አሮጌ ጣሪያ ታቅፈው ይቀመጣሉ። ሕጉን ቢያሟሉ እንኳ፣ በእነዚያ መንገዶች ላይ ሌላ አሥር ጠባብ ክፍል መጨመር ሰው ይጎዳል። ይህን እንደ ባለሙያም እንደ ሰውም ነው የምለው።

ሐሳቡ ሌላ ከሆነ ግን በሩ ዝግ አይደለም። ክፍሉን ቀንሶ፣ አሥሩን ስድስት አድርጎ፣ ሁሉም የራሱ መታጠቢያ ያለው ንጹሕ ጌስት ሃውስ ከስብሰባ ማዕከሉ በእግር በሚደረስበት መንገድ ላይ ቢሆን ያስኬዳል። ወይም ቤቱን ወደ ሁለት ሦስት ሰፊ የቤተሰብ አፓርታማ መመለስ፤ ይህን ካውንስሉም ይፈልገዋል። ከመግዛትዎ በፊት ግን በነሐሴ ቅዳሜ ሄደው እንዳይወስኑ። በየካቲት፣ በሥራ ቀን ይሂዱና ሁለት ሌሊት እዚያው መንገድ ላይ ባለ ጌስት ሃውስ ይደሩ። ጎረቤት ጌስት ሃውሶች ክፍት መሆናቸውን፣ ከሆኑም ማን እንደሚያርፍባቸው ይጠይቁ። የባሕር ጨው ብረትና ጡብ ይበላልና ጣሪያውንና የውጭ ግድግዳውን በሰርቬየር፣ በሕንፃ መርማሪ ባለሙያ፣ ያስመርምሩ። የእሳት አደጋ መውጫውን ወጪ ለብቻ ያስገምቱ፤ በእነዚያ ጠባብ ደረጃዎች ላይ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ወጪ እሱ ነው። ሻጩንም የሦስት ዓመት ሒሳብ በወር በወር ተከፋፍሎ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። የዓመቱን ድምር ብቻ ካሳየና የክረምቱን ወራት ለይቶ ማሳየት ካልፈለገ፣ አይፈርሙ።